ለእኔ «የለኝም» ያለው በሽታ ለሐኪሙ ከየት መጣ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች፣ የተመካከሩ ይመስል፣ አንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጥመዋል። ነርስ ታካሚ ሲቀበል ምን ይጠይቃል? ምን ይለካል? ምን ይጽፋል? ግማሾቹን የላኩልኝ ራሳቸው ነርሶች ናቸው። ግማሾቹ ደግሞ አልጋ ላይ ተኝተው፣ ወይም አልጋ አጠገብ ቆመው፣ ጥያቄ ሲዘንብባቸው ከዋሉ ሰዎች የመጡ ናቸው። ሰባቱን መርጫለሁ። አሳጥሬያቸዋለሁና ይቅርታ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ወድቄ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎልማሳ ታካሚ ተቀበልኩና ቅጹን ከላይ እስከ ታች ሞላሁ። «የቆየ በሽታ አለብዎት?» የለብኝም። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» አልወስድም። «አለርጂ?» የለም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሐኪሙ ገባ። ሰውየው ስኳር እንዳለበት፣ ኢንሱሊን እንደሚወጋ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር አንድ በአንድ ዘረገፈለት። ሐኪሙ ቻርቱን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ታካሚዎች ነርስን ለምንድን ነው የሚዋሹት?

መልስ፦ እህቴ፣ አልዋሸሽም። የጠየቅሽውን ነው የመለሰልሽ።

«መድኃኒት ይወስዳሉ?» ስትይው እሱ የታየው ክኒን ነው። ኢንሱሊን ደግሞ መርፌ ነው፣ ክኒን አይደለም። «የቆየ በሽታ አለብዎት?» ስትይው ደግሞ ስኳሩን ይቆጣጠራል፣ ልቡም ታክሞ ድኗል፤ ስለዚህ በእሱ ቤት በሽታ የለበትም። ቅጹ የተዘጋጀው ለእኛ ነው። እኛ ግን ወደ ሰው ቋንቋ ሳንመልሰው እንዳለ እናነብለታለን፣ ከዚያ «ዋሸኝ» እንላለን።

የእኔን ልንገርሽ። አንድ እግሯ አብጦ የመጣች ወጣት ነበረች። መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ ጠይቄ፣ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እያጫወተቻት «የወሊድ መከላከያስ?» አለቻት። «እሱማ በየቀኑ እውጣለሁ» አለች ልጅቷ፣ ጥያቄው እየገረማት። ለሕመም ስላልሆነ መድኃኒት ብላ አልቆጠረችውም። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። አንድ እግር ብቻ አብጦ ለመጣች ሴት ይህ ተራ መረጃ አይደለም፣ ዋናው መረጃ ነው። እኔ ደግሞ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «የለም» ብዬበታለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንዲህ ነው የምጠይቀው፦ «ከጠዋት እስከ ማታ የሚውጡት፣ የሚወጉት፣ የሚቀቡት፣ በአፍ የሚስቡት፣ ዓይን ውስጥ የሚያንጠባጥቡት ነገር አለ?» ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ይሠራል። ቀጥዬ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው ስለሚወስዱት ማስታገሻ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ስለ ባህላዊ መድኃኒት። ስለ ባህላዊው ስጠይቅ ፊቴን አላጨማድድም፤ ፊቴ ከተጨማደደ መልሱ «የለም» ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ መጨረሻ የወሰዱት መቼ ነው? «ኢንሱሊን ይወጋል» ብሎ መጻፍና «ዛሬ ጠዋት ተወግቶ ምንም ሳይበላ መጣ» ብሎ መጻፍ አንድ አይደለም። ሁለተኛው ደቂቃ የማይሰጥ ነገር ነው።

መድኃኒት መዝለልን የምትጠይቂበት መንገድም አለው። «በትክክል ይወስዳሉ?» ካልሽ ሰው ሁሉ በትክክል ይወስዳል። «ብዙ ሰው አንዳንዴ ይረሳዋል፤ እርስዎስ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጥዎት?» በይው። መርሳት ነውር እንዳልሆነ አስቀድመሽ ነገርሽው ማለት ነው። ሲጋራና መጠጥም ላይ ይኸው ነው። «ለምን» የምትለውን ቃል ደግሞ ቀንሺያት። «ለምን እስካሁን ቆየህ?» የሚለው እንደ ጥያቄ ሳይሆን እንደ ክስ ነው የሚሰማው። «ቶሎ እንዳይመጡ ምን ያዘዎት?» ሲባል ሰው ይናገራል።

«ደህና ነው?» የሚባለውም ጥያቄ ምንም አያወጣም። የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከ160 ዓመት በፊት በዚህ ስትበሳጭ ነበር። «ሌሊቱን ደህና አደረ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው ትላለች፤ አንዱ አሥር ሰዓት ሙሉ ሳይነቃ ካልተኛ ክፉ ሌሊት አሳለፍኩ ይላል፣ ሌላው ቆራርጦ አንቀላፍቶም ደህና አደርኩ ይላል። ስንት ሰዓት ተኛ? የትኛው ሰዓት ላይ? ብላችሁ ጠይቁ ነው ምክሯ። እኔ ሰገራና ሽንትንም እጨምርበታለሁ። «ሰገራ ደህና ነው?» አይባልም። «መጨረሻ የወጡት መቼ ነው? ምን ይመስል ነበር?» ነው የሚባለው።

አለርጂ ላይ «አለ» ተብለሽም እንዳትቆሚ። «ሲወስዱት ምን ሆኑ?» ብለሽ ጠይቂ። ፊቱ አብጦ ትንፋሽ ያጠረው ሰውና ሆዱን ትንሽ ያቅለሸለሸው ሰው ቻርት ላይ እኩል «የፔኒሲሊን አለርጂ» ተብለው ይቀመጣሉ። የፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ ከሚሉት ሰዎች ውስጥ በምርመራ ሲታዩ ከ10 ዘጠኙ የሚሆኑት መድኃኒቱን ያለ ችግር መውሰድ ይችላሉ። ይህ ማለት ግን አንቺ በራስሽ ትሰርዢዋለሽ ማለት አይደለም። የሆነውን፣ የሆነበትን ጊዜና መድኃኒቱን በወሰደ በስንት ሰዓቱ እንደሆነ ትጽፊያለሽ፣ የሚወስነው ሌላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ላጽናናሽ። የመጀመሪያ ጠያቂ ሁልጊዜ ይጎዳል። አንቺ ስትጠይቂው ሰውየው ገና አልጋውን እየለመደ ነበር። ጥያቄሽ አእምሮውን ሲቆሰቁሰው ቆይቶ ሐኪሙ ሲገባ በሰለ። ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቀሽ ስትጨርሺ ቅጹን አትዝጊው። ሌላ ሥራ ሠርተሽ ተመለሺና «ቅድም ሳልጠይቅዎት የቀረ ነገር ትዝ አለዎት?» በይው። ምን ያህል ነገር በዚህች ጥያቄ እንደሚወጣ ስታይ ትገረሚያለሽ።

አጀማመርሽም ላይ አንድ ነገር ልበል። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሐኪምና ታካሚ ሲያወሩ ቀድቶ ሲያዳምጥ፣ ሐኪሞቹ ታካሚው ችግሩን ማስረዳት በጀመረ በአማካይ በ18 ሴኮንድ ያቋርጡት ነበር። የተጠኑት ሐኪሞች ናቸው ብለን እኛ ነርሶች ደስ አይበለን፤ ቅጽ ይዘን ስንገባ 18 ሴኮንድም የምንሰጥ አይመስለኝም። ዝም ብንለውስ ሰው ምን ያህል ያወራል? በ2002 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ተለክቷል። አማካዩ 92 ሴኮንድ ነው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እና መጀመሪያ «ምን ሆነው መጡ?» ብለሽ እስክሪብቶሽን አስቀምጪ። ሲጨርስ ወደ ቅጹ ትመለሻለሽ። ግማሹን ራሱ መልሶልሽ ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ እናቴን አስተኝተን ነበር። አንዷ ነርስ መጥታ ሁሉንም ጠየቀቻት። ቀጥሎ ሐኪሙ ያንኑ ጠየቃት። ማታ ተረኛዋ ያንኑ ደገመችው። ስምሽ ማነው፣ ስምሽ ማነው ሲሏት እናቴ መጨረሻ ላይ «ጠዋት ከነገርኩሽ ወዲህ አልቀየርኩትም» አለቻት። እርስ በርስ አትነጋገሩም እንዴ?

መልስ፦ እናትህ ደስ ይሉኛል። ግማሹ የእኛ ዝርክርክነት ነው፣ አልክድም። የተጻፈውን ሳያነቡ መጠየቅ አለ።

ስሟን ግን ሺህ ጊዜ ይጠይቋት። መድኃኒት ከመስጠታችን፣ ደም ከመቅዳታችን ወይም ከመስጠታችን በፊት ታካሚዋ ራሷ ስሟንና የትውልድ ዘመኗን እንድትነግረን የምናደርገው ጠፍቶን አይደለም። «ወይዘሮ እንትና ነዎት?» ብንላት፣ ያልሰማች ወይም የደከማት ሴት «አዎ» ልትል ትችላለች። ያ አዎታ የሌላ ሰው መድኃኒት ይዞባት ይመጣል።

ሐኪሙና ነርሷ የሚፈልጉትም ነገር አንድ አይደለም። ሐኪሙ በሽታውን እያደነ ነው። ነርሷ ደግሞ እናትህ ከበሽታው ጋር እንዴት እየኖረች እንደሆነ ትፈልጋለች። ብቻዋን ሽንት ቤት ትሄዳለች? በቅርቡ ወድቃ ታውቃለች? ሲውጡ ትን ይላታል? ቤት ስትመለስ ማን ይረዳታል? ከእነዚህ አንዱ ካልተጠየቀ ሌሊት ከአልጋ ስትወርድ ትወድቃለች፣ ከዚያ ሁላችንም እንሯሯጣለን።

አንተ ልታግዝ ከፈለግህ፣ መድኃኒቶቿን በስም ለማስታወስ አትድከም። ያለውን ሁሉ፣ ያቋረጠችውንም ጨምረህ፣ ከነማሸጊያው በአንድ ከረጢት አምጣ። መነጽሯን አትርሳ። የመስሚያ መሣሪያ ካላትም እንደዚያው። መስሚያዋን ቤት የረሳች እናት ስትጠየቅ ፈገግ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኛም «ተስማማች» ብለን እንጽፋለን።

ጥያቄ፦ ሚስትየዋን እጠይቃለሁ፣ ባልየው ይመልሳል። «ራሷን ያማታል፣ እንቅልፍ የላትም፣ ሌላ ምንም የለባትም።» እሷ መሬት መሬት ታያለች። ውጣልኝ ብለው ጠብ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። በደፈናው የቤተሰብን መረጃ ምን ያህል ልመን?

መልስ፦ ቤተሰብ ባይኖር ኖሮ ግማሽ ሥራችን ይቆም ነበር። ራሱን የሳተ ሰው፣ ሕፃን፣ የመርሳት ችግር ያለባቸው አዛውንት፣ የሚነግርሽ አጠገባቸው ያለው ነው። በተለይ አዛውንት ግራ ተጋብተው ሲመጡ «ዕድሜ ነው» ብለሽ እንዳታልፊ። ልጃቸውን «ከትናንት ወዲያም እንዲህ ነበሩ?» ብለሽ ጠይቂ። «ኧረ እንዴት ተደርጎ! ትናንት እኮ ጋዜጣ ሲያነቡ ነበር» ካለሽ፣ ይህ በአንድ ሌሊት የመጣ መደናገር ነው፣ ምክንያት አለው። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ በአዛውንት ላይ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት፣ በመደናገር ብቻ ብቅ ሊል ይችላል። ይህን የሚያውቅልሽ ቴርሞሜትሩ አይደለም፣ ልጁ ነው።

ማን እንደተናገረው ግን ጻፊው። «ባለቤቷ እንደገለጸው» የሚሉ ሁለት ቃላት ናቸው። ካልጻፍሻቸው ነገ የሚያነበው ሰው እሷ ራሷ የተናገረችው ይመስለዋል።

አሁን ወደ ባልየው። ውጣ አትበይው። «አሁን ምርመራ ላደርግ ነው፣ ምርመራ ለሁሉም ታካሚ ብቻውን ነው የምናደርገው፤ ስጨርስ እጠራዎታለሁ» በይና መጋረጃውን ያዢ። ከእሱ ጋር ጉዳይ እንደሌለሽ፣ ደንቡ እንደሆነ ይገባዋል። ካስፈለገም ሽንት ስጪ ብለሽ አብረሻት ሽንት ቤት ድረስ ሂጂ። ከዚያ ብቻዋን ስትሆን ቤት ውስጥ የሚመታት ወይም የሚያስፈራራት ሰው እንዳለ ጠይቂያት። ይህ ጥያቄ ሰው ባለበት ፈጽሞ አይጠየቅም። እሱ አጠገቧ ቆሞ ብትጠይቂያት መልሱ «የለም» ከመሆኑም በላይ፣ ቤት ሲገቡ ዕዳው የእሷ ነው። ምንም ላይኖርም ይችላል፣ ባልየው በቃ ወሬኛ ሊሆን ይችላል። ግን የማታውቂውን አትገምቺ፣ ጠይቂ።

ቋንቋ ካልተግባባችሁ ደግሞ ልጆቿን አስተርጓሚ አታድርጊ። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የማህፀን ደም መፍሰስ እንዲተረጉም መጠየቅ ለልጁም ለእሷም ግፍ ነው። አዋቂ ዘመድም ቢሆን የሚያሳፍረውን እየዘለለ፣ የሚያስደነግጠውን እያለሳለሰ ነው የሚተረጉመው። የሠለጠነ አስተርጓሚ፣ በስልክም ቢሆን፣ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በእኛ ክፍል የሁሉም ታካሚ አተነፋፈስ በደቂቃ 20 ነው። የተኛውም 20፣ የሚያቃስተውም 20። እኔም መጻፍ ጀምሬያለሁ፣ እውነቱን ልናገር። ለመሆኑ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መናዘዝህ ጥሩ ነው። ብቻህንም አይደለህም፤ ይህቺ 20 ዓለምን የዞረች ቁጥር ናት። ሙቀቱን ቴርሞሜትሩ ይነግረናል፣ ግፊቱንና የልብ ምቱን መሣሪያው ያወጣልናል። ትንፋሽ ግን ቆሞ መቁጠር ይጠይቃል። ስለዚህ ይዘለላል።

የሚያናድደው ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው እሱ መሆኑ ነው። ታካሚ እየተበላሸ ሲሄድ ግፊቱ ከመውረዱ ከብዙ ሰዓት በፊት ትንፋሹ ሊፈጥን ይችላል። የአዋቂ ሰው በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሪታንያ ሆስፒታሎች የሚሠራበት፣ ለእያንዳንዱ ልኬት ነጥብ እየሰጠ ታካሚው እየተበላሸ መሆኑን የሚጠቁም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥብ አለ። እዚያ ከ12 እስከ 20 ዜሮ ነጥብ ነው፤ 25 እና ከዚያ በላይ ግን ብቻውን 3 ነጥብ ይዞ ሐኪም ያስጠራል። አሁን ተመልከት። ሰውየው 28 እየተነፈሰ አንተ 20 ብትጽፍ፣ ሐኪም የሚያስጠራውን ነገር በእጅህ ወደ ዜሮ ቀየርከው። ግፊቱ ወርዶ መሣሪያው እስኪጮህ ድረስ ማንም አያውቅም።

አቆጣጠሩ ላይ አንድ የቆየች ዘዴ አለች። «አሁን ትንፋሽዎን ልቆጥር ነው» አትበል፤ የሰማ ሰው አተነፋፈሱን ይቀይራል። የእጁን አንጓ ይዘህ የልብ ምት ቁጠር፣ ስትጨርስ እጁን ሳትለቅ ዓይንህን ወደ ደረቱ አዙርና ትንፋሹን ቁጠር። እሱ አሁንም የልብ ምት የምትቆጥር ይመስለዋል። ሙሉ አንድ ደቂቃ። ስትቆጥርም ሌላ ታያለህ፦ የአንገቱ ጡንቻ አብሮ ይሠራል? አረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ ይቆርጠዋል? ይህን ቁጥሩ አይነግርህም።

የደም ግፊት ላይ ብዙ አልልም፣ ምክንያቱም ስህተቱ የታወቀ ነው። ካፉ፣ ማለትም ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ፣ ለክንዱ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። እግር አጣምሮ መቀመጥ፣ ክንድ ተንጠልጥሎ መለካት፣ ሽንት ወጥሮ መያዝ፣ እየተለካ ማውራት፣ ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። ሰውየው ደረጃ ወጥቶ ሲመጣ ወዲያው ለክቶ «ግፊት አለብህ» ማለት ፍርድ እንጂ ልኬት አይደለም። አምስት ደቂቃ ቁጭ ይበል፣ እግሩ መሬት ይንካ፣ ክንዱ በልቡ ትይዩ ይደገፍ። አንተም ዝም በል።

ጣት ላይ የምትሰካዋ ኦክስጅን መለኪያ ግን ታነጋግረኛለች። ቀዝቃዛ ጣት፣ የጥፍር ቀለም፣ መንቀጥቀጥ እንደሚያሳስቷት ታውቃለህ። የከሰል ጭስ የታፈነ ሰው ላይ ደግሞ ጥሩ ቁጥር እያሳየች ልትዋሽ ትችላለች፤ የጭሱን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ከኦክስጅን አትለይም። የቆዳ ቀለምም አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ መለኪያዋ ከ92 እስከ 96 በመቶ እያሳየች ከደም ሥር ተቀድቶ ሲመረመር ኦክስጅናቸው ከ88 በታች የሆነ ታካሚዎችን ፈለገ። በጥቁሮቹ ላይ ያገኘው በነጮቹ ላይ ካገኘው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው «94 ነው» ተብሎ ግን ቁና ቁና የሚተነፍስ ከሆነ ሰውየውን እመን፣ መሣሪያዋን ጠርጥር።

መማሪያ መጽሐፎቻችን ላይ ያሉት «ቆዳው ይገረጣል፣ ከንፈሩ ይሰማያል፣ ቦታው ይቀላል» የሚሉ ገለጻዎችም ነጣ ያለ ቆዳ ታይተው የተጻፉ ናቸው። በጠቆረ ቆዳ ላይ መገርጣትን የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልብጠህ፣ ድዱንና መዳፉን አይተህ ነው የምታገኘው። ቢጫነትን የዓይኑ ነጭ ላይ፣ መሰማያትን ከንፈሩ ውስጥና ምላሱ ላይ ፈልግ። ብዙ ቀን የተኛ ሰው ጀርባ ላይ መቅላት እስኪታይህ አትጠብቅ፣ ላይታይህ ይችላልና። በእጅህ ዳስ፤ ከአካባቢው ይሞቃል? ጠጠር ይላል?

ጥያቄ፦ ታካሚ ነኝ እንጂ ነርስ አይደለሁም። ቀዶ ጥገና ካደረግሁ በኋላ ነርሷ በየተራው እየመጣች «ከ10 ስንት ያምሻል?» ትለኛለች። እኔ ምኑን አውቄ? አንድ ጊዜ ሰባት ብላት፣ አጠገቤ ያለችው ዘጠኝ ስትል ሰማሁና ወደ አምስት አወረድኩት። አፈርኩ መሰለኝ።

መልስ፦ አይ አንቺ! እንደ ጨረታ ሆነባችሁ እኮ።

ቁጥሩ ከጎረቤትሽ ጋር ለመወዳደር አይደለም። ቅድም ከነበርሽው ከራስሽ ጋር ለማነጻጸር ነው። ማስታገሻ ሳትወስጂ ሰባት ካልሽና ከወሰድሽ ከአንድ ሰዓት በኋላም ሰባት ካልሽ፣ ነርሷ አንድ ነገር አወቀች፦ መድኃኒቱ አልሠራም፣ ወይም ሌላ ነገር አለ። አምስት ስትያት ግን «እየተሻላት ነው» ብላ ሄደች። ዜሮ ማለት ምንም ሕመም የለም፣ 10 ማለት ልታስቢው የምትችይው ክፉ ሕመም ነው። መሃሉን አንቺ ታውቂዋለሽ። ቁጥር ካልመጣልሽ «ስተኛ ይሻለኛል፣ ሳስል ይገድለኛል» ብለሽ ንገሪያት። እንዲያውም ይህ ይሻላል። ሳስል ያመኛል ብላ የምትፈራ ታካሚ በደንብ አትተነፍስም፣ በደንብ ካልተነፈሰች ሳንባዋ ላይ ችግር ይመጣል።

ለነርሶች ደግሞ፦ ሕመምን ያጠናችው አሜሪካዊት ነርስ ማርጎ ማካፈሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ያለችው እስከ ዛሬ ይሠራል። ሕመም ማለት ያመመው ሰው ሕመም ነው ያለው ነገር ነው፤ አለ ባለ ጊዜ አለ። ስልኩን እየነካካ «ስምንት» ያላችሁን ታካሚ «አይመስልም» ብላችሁ አትቀንሱበት። ሰው ሕመሙን ለመርሳት ስልክ ይነካካል፣ ይስቃል፣ እንቅልፍም ይወስደዋል። የት እንደጀመረ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ይወጋል ወይስ ያቃጥላል ወይስ ይጨመድዳል፣ ምን ሲያደርግ እንደሚብስ ጠይቁት። መናገር ለማይችል ሕፃን ፊቱን፣ እግሩን፣ እንቅስቃሴውን፣ ለቅሶውንና ሲያባብሉት ዝም ማለቱን አይቶ ነጥብ የሚሰጥ መለኪያ አለ። ደረቴን አላመመኝም ያለ ሁሉም ልቡ ደህና ነው ማለት አይደለም። በተለይ ሴቶች፣ አዛውንትና የስኳር ሕመምተኞች ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲይዛቸው ላብ፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ብቻ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ሌሊት እየተንገዳገደ፣ ንግግሩ እየተሳሰረ የመጣ ሰው «ሰክሯል» ብዬ ጻፍኩ። በኋላ የደም ስኳሩ ሲለካ 38 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ። ኃላፊዬ ጮኸችብኝ። እሺ፣ ስኳሩን ቀድሜ መለካት ነበረብኝ። ግን የጻፍኩት ላይ ይህን ያህል ምን አስጮሃት?

መልስ፦ ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው፣ 38 ደግሞ አእምሮ የሚጎዳ ነው። እኔም እጮህብህ ነበር፣ ትንሽ ዝቅ አድርጌ።

«ሰክሯል» ያየኸው ነገር አይደለም። ያየኸው መንገዳገድና የተሳሰረ ንግግር ነው። ስካሩን ጨመርክበት። አንዴ ከተጻፈ ደግሞ ቀጣዩ ተረኛ «ሰካራሙ» ብሎ ይረከባል፣ ሐኪሙም ቸል ብሎ ያልፈዋል፣ ሰውየው ያለ ስኳር ይነጋበታል። «ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይተሳሰራል፣ ያልበዋል፣ ስሙን ነገረኝ፣ ያለበትን ቦታና ቀኑን ግን አላወቀም» ብትል ኖሮ የሚያነበው ሰው ሁሉ ስኳሩ ስንት እንደሆነ ይጠይቅህ ነበር። የመጠጥ ሽታ ካለው «ትንፋሹ መጠጥ ይሸታል» ብለህ ጻፍ። ጠጥቶም ስኳሩ ሊወርድ፣ ጠጥቶም ጭንቅላቱን ሊመታ ይችላል።

«እምቢተኛ» እና «አስቸጋሪ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። «መድኃኒቱን ‹ትናንት ስወስደው አስመለሰኝ› ብሎ አልወሰደም» በል፣ ቃሉን በእሱ አነጋገር አስቀምጥለት። «ፈዟል»ም ለእኔና ለአንተ የተለያየ ፍዘት ነው። ለዚህ ነው በ1974 እ.ኤ.አ. ግላስጎው ውስጥ ሁለት ሐኪሞች ዓይን መክፈትን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን በደረጃ ያስቀመጡት፤ ዛሬ ድምሩ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ነው። የማታው ተረኛ 14 ብሎ፣ የጠዋቱ 11 ካለ፣ ሰውየው ባይናገርም ቁጥሩ ጮኸ። ሳትሳሳት አትቀርም፤ ስትሳሳት አንድ መስመር ሰርዝበት፣ ፈርም፣ ሰዓቱን ጻፍ። አትደምስስ።

የመጨረሻው አጭር ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ታካሚ ስጠይቅ ቆሜ ነው ወይስ ቁጭ ብዬ? ቁጭ ስል ሥራ የፈታሁ ያስመስልብኛል።

መልስ፦ ቁጭ በይ። ያው ሁለት ደቂቃ ነው፣ ለተኛው ሰው ግን ረዘም ያለ ጊዜ የሰጠሽው ይመስለዋል። አልጋው ላይ አይደለም ታዲያ፣ ወንበር ላይ። ወንበሩ ላይ የጠያቂዎች ኮት ተከምሮበት ካገኘሽው አንሺና እግርጌ አስቀምጪው፣ ማንም አይቆጣሽም።